ግራጫዋ ኮሮላ

ሰርክአዲስ ሰው ሲዋሻት ጆሮዋ ያውቃል። ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አፓርታማዋ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተወሽቃ ሦስት ዓመት ፖድካስት ቀድታለች፤ የሰው ድምፅ ስትቆርጥና ስትቀጥል ከርማለች። ሠላሳ ሺህ ሰው ይከታተላታል።

አሁን የያዘችው የልሳነወርቅን ጉዳይ ነው። ልሳነወርቅ እዚያው አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት መንገድ ሲሻገር አንድ ሾፌር ገጭቶ ገደለውና አመለጠ። ሰርክአዲስ ለሟቹ እናት ሰውየውን እንደምታገኝ ቃል ገብታለች።

ማክሰኞ ባወጣችው ክፍል፣ ልሳነወርቅን የገጨችው መኪና ግራጫ ኮሮላ እንደነበረች ተናገረች። «ቅዳሜ ስም ይዤ እመጣለሁ» ብላም ዘጋች። እውነቱን ለመናገር ምንም ስም አልነበራትም፤ አፏ ቀድሟት ነው።

ረቡዕ ባሏ ይድነቃቸው ከሥራ ቦታው፣ ከክሪስታል ሲቲ በጊዜ ገባ። የሊሙዚን ሾፌር ነው፤ በጊዜ ገብቶ አያውቅም። ዓይኑ ቀልቷል።

«ስልክሽን ስጪኝ፤ ይሄን ስክሪን ላስቀይርልሽ» አላት።

«ከተሰነጠቀ ስድስት ወሩ እኮ ነው። ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ዝም ብለሽ ስጪኝ። ፌስቡክም በላፕቶፕሽ እንዳትከፍቺ፤ ሰው በፖድካስቱ እየሰደበሽ ነው።»

ውሸት ነበር። ጆሮዋ አወቀ።

ሐሙስ ስልኳ አልተመለሰም፤ «ዕቃው አልመጣም» አለ። የእሱ ስልክ በጠራ ቁጥር ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ ያወራል። ማታ እራት ሠርቶ ጠበቃት። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው እንቁላል እንኳን ጠብሶላት አያውቅም። «ብዪ እንጂ፣ ትንሽ ጨምሪ» እያለ እንደ ሕፃን አጎረሳት።

«ስልክህን ስጠኝማ፤ ሐሙስ አይደል፣ እማዬ ጋ ልደውል።»

«ደሴ ኔትወርክ የለም ብለዋል። ይቆይ።»

ስልኩን እንዳታይበት እንደሆነ ገባት።

ዓርብ ጠዋት አስፐን ሂል፣ ታላቅ እህቷ ካሰች ቤት ሄደች። ካሰች በሩን ገርበብ ብቻ አደረገችው።

«ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳትገቢ።» ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ካሱ፣ ይድነቃቸው የደበቀኝ ነገር አለ።»

ካሰች መሬት መሬት አየች። «እስከ ቅዳሜ ታገሺ፣ በእና...» ብላ ሳትጨርስ በሩን ዘጋችው።

እህቴም ታውቃለች፤ ከእሱ ጋር ሆናለች ማለት ነው፣ አለች ሰርክአዲስ በልቧ።

ቤቷ ተመልሳ መሳቢያውን ከፈተች። የሁለቱም ፓስፖርት የለም። ያኔ ነው እስከዛሬ ልትነካው ያልደፈረችው ነገር ፊት ለፊት የመጣባት፦ ይድነቃቸውም ግራጫ ኮሮላ ነበረችው። ልሳነወርቅ በሞተበት ክረምት ሸጣት። ለምን ሸጥካት ብላ ጠይቃው አታውቅም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ትወደዋለች።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ስትነቃ አልጋው ባዶ ነው። ኮቱም ጫማውም የለም። አምልጧል።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባች። አራት ደቂቃ ቀዳች፤ የባሏን ሙሉ ስም፣ ከነአባቱ፣ ሁለት ጊዜ ጠራች። የልሳነወርቅን እናት አሰበችና ለቀቀችው።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

ስትከፍት ይድነቃቸው ቆሟል፤ ከኮቱ ኪስ የሁለቱ ፓስፖርትና የአውሮፕላን ትኬት ብቅ ብሏል። ከኋላው መስቀል የያዙ ቄስ፣ ከእሳቸው ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ጎረቤቶች ደረጃውን ሞልተውታል። የሁሉም ስልክ በየኪሱ ይነዝራል፤ ማንም አውጥቶ አላየም። ካሰች ጥቁር ለብሳ፣ በሁሉም መሃል እየገፋች መጣች።

«እማዬን፣ ሰርኬ! እማዬን!»