የሚላና ቀኝ ጫማ

ዚናይዳ ልቮቭና ከአግዳሚው ተነሳች፣ የካፖርቷን ቁልፎች እስከ አንገቷ ቆለፈች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ከዚያም የልጇ የሚላና እግር ማደጉን በይፋ አስታወቀች።

በፔርም ከተማ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ መተላለፊያ ልጆቻችንን የምንጠብቅ እናቶች ሁሉ ቀና አልን። የልጅ እግር ማደጉ ገርሞን አይደለም። ሚላና መንሸራተት ትታ፣ እዚሁ ጎን ካለው አዳራሽ መረብ ኳስ መጫወት ከጀመረች ቆይታለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እናቷ ግን አልነገረችንም፤ ስላልነገረችን አናውቅም።

"ስለዚህ የመንሸራተቻ ጫማዋ ይሸጣል" አለች ዚናይዳ፣ ጫማውን ከቦርሳዋ አውጥታ።

ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ቲኾን ጠጋ አለ። መኪና መንዳት ያስተምራል፤ ፍርሃቱ በጨመረ ቁጥር ድምፁ የሚረጋጋ ሰው ነው። የልጁ የኡስቲኒያ ጫማ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ልፍስፍስ ብሏል። አሰልጣኟ፣ "እግርሽን የሚይዝ ጫማ እስኪገኝ መዝለል የለም" ካለቻት ጀምሮ ጓደኞቿ መሃል ሲዘሉ እሷ ዳር ዳሩን ትዞራለች። ቅዳሜ ፈተና ነው። ያልዘለለ ከሕፃናቱ ጋር ይመደባል። አዲስ ጫማ ደግሞ የቲኾን ደሞዝ የሚደፍረው አይደለም። ይህንንም እናውቃለን።

"ለእህቴ ልጅ ነው" አለ። "ገጠር ናት። ያን ያህልም አትቸኩልም።"

ኡስቲኒያ አጠገቡ ቆማ ነበር። ያን ቀን ወፍራሙን የሱፍ ካልሲ ትታ፣ ጫማ የሚለኩበትን ስሱን አድርጋ መጥታለች።

ቲኾን ጫማውን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን የብረት ስለት አየ። አላለቀም፤ ገና ብዙ ጊዜ ሊሳል ይችላል። ስለቱን ከሶሉ ጋር የያዙትን ብሎኖች በጥፍሩ ነካካ፤ ዝገት የለም። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ገበሩን ዳበሰ። ቀጥሎ አፍንጫውን ከተተ።

"ምን ታሸታለህ? ዓሣ ነው እንዴ?"

"እርጥበት ካለው ሶሉ ይበሰብሳል ይላሉ፣ ዚናይዳ ልቮቭና።"

"የልጄ እግር ይሸታል ልትል ነው?"

"ኧረ እኔ ልጅዎን አላሸተትኩም።"

ሁለቱን ጫማዎች ወለሉ ላይ አቆማቸው። ያለቀ ጫማ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ እነዚህ ግን ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ቀጥ አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቀኙን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቱ ተጫነው። አልታጠፈም። ቲኾን ግራውንም ተጫነው።

ለምን እንደሆነ ገባን። እዚህ ልጆቹ ዘለው የሚያርፉት በቀኝ እግር ነው። ስለዚህ ቀኙ ጫማ ቀድሞ ይሸበሸባል፣ ቀድሞ ይሞታል። ይሄኛው ቀኝ ግን ከግራው አይለይም፤ አንዲት እጥፋት የለበትም።

"ሚላና በአየር ላይ ሁለት ዙር ትዞር ነበር አይደል?" አለ በጣም በተረጋጋ ድምፅ።

"ሁለት ዙር!" አለች ዚናይዳ። "በጠዋት፣ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ!"

"በነዚህ ጫማዎች?"

"ታዲያ በባዶ እግሯ ኖሯል?"

ቲኾን አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈ። "እንግዲያውስ ይቅርብኝ። ሁለት ዙር ሲዘለልበት የከረመ ጫማ ላዩ ቢያምርም ውስጡ አልቋል። የሰው ልጅ እግር ልሰብር?"

ከመሃላችን ሹራብ የምትሠራው የራኢሳ መርፌ ቆመ። ዚናይዳ ጫማውን አየች፣ ቀጥሎ እኛን አየች። ጫማው ደህና ከሆነ ልጅቷ አልዘለለችም። ልጅቷ ከዘለለች ጫማው አልቋል። ሁላችንም ወለሉን መመርመር ጀመርን።

"የኔ ልጅ" አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ "ስታርፍ ላባ ነበረች። ጫማው ራሱ አይሰማውም።"

ራኢሳን ሳል ያዛት።

"ላባ" አለ ቲኾን።

"ላባ! አንተ ደግሞ ምን አስጨነቀህ? ልጅቷ አትቸኩልም አላልክም?"

"አትቸኩልም።"

"እንግዲያው ፊትህ ለምን እንዲህ ነጣ?"

እነሱ እንዲህ ሲባባሉ ኡስቲኒያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጫማዎቹን አጥልቃ፣ ጣቶቿ ጋ ላላ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራ ጨርሳለች።

"ማን ፈቀደልሽ አንቺ?" አለ አባቷ።

"ለአክስቴ ልጅ እየለካሁላት ነው፣ አባዬ።"

ሄደች። ላስቲክ በለበሰው ወለል ላይ ስትራመድ ቆዳው ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ታጥፎ የማያውቅ ቆዳ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ማናችንም የሰማን አንመስልም። ወደ በረዶው በሚያስገባው በር ላይ አሰልጣኟ ዝቅ ብላ ቁርጭምጭሚቷን ጨበጠች፣ ወደ መሃል አመለከተቻት።

መጀመሪያ ስትዘል ወደቀች።

"ደህና ናት" አለ ቲኾን፣ የአዳራሹ መስታወት ላይ ተለጥፎ። "ምንም አልሆነችም። በጣም ደህና ናት።"

ተነሳች፣ ከሩቅ ተንደርድራ መጣች፣ ዘልላ በአየር ላይ ዞረች፣ በቀኝ እግሯ አረፈች፤ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች እጆቿን ዘረጋች።

"ልጄ!" ብሎ ጮኸ ቲኾን። "የኔ ልጅ!"

ሹራቡም የምንቆረጥመው የሱፍ ፍሬም አግዳሚው ላይ ቀርቶ ሁላችንም መስታወቱ ጋ ነን። በዚህ መሃል ሚላና ከጎን አዳራሽ መጣች፤ ጉልበቷ ላይ መከላከያ፣ ብብቷ ሥር ኳስ፣ ፊቷ በላብ ርሷል። በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ኡስቲኒያ ደግማ ስትዘል አየች።

"እማዬ፣ ያ የኔ ጫማ ነው?" አለች። አፏ ተከፍቶ ቀረ። "እንዲህም ያደርጋል እንዴ?"

ማንም አልሳቀም። ዚናይዳ ልቮቭና የካፖርቷን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች፣ በትንፋሻችን የደበዘዘውን መስታወት በእጅጌዋ ወለወለች፤ ለልጇም ትንሽ ጠጋ አለችላት።