የቦዮዋ ነጭ ወፍ

የባዮሎጂ መምህሩ ቲቶ ዳግመኛ ቦዮ ሐይቅን ላይረግጥ ምሎ ነበር። ግን የጓደኛው የሚክያስ እናት፣ እማማ አባይነሽ፣ "ልጄ የሞተላትን ወፍ አሳየኝ" ብለው ሲለምኑት እምቢ የሚልበት አፍ አጣ።

አምና ሚክያስ ያቺን ከባሕር ዳርቻ መንገድ ስታ የምትመጣ ነጭ ወፍ ፎቶ ሊያነሳ ሲል ረግረጉ ውጦት ቀረ። ቲቶ ለለቀስተኛው ሁሉ "ተው ብለው እምቢ አለኝ" አለ። ማንም አልተጠራጠረውም። እማማ አባይነሽማ "አንተን ያተረፈልኝ ጌታ ይባረክ" ብለው አቅፈውታል። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራለች።

አሁን ወፏ ሹል ክንፏን ዘርግታ ከቄጠማው ብድግ አለች። ቲቶ የርቀት መነጽሩን አቀበላቸው። እሳቸው ግን አላዩበትም፤ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡ ጀመር።

"ወፍ ሁሉ የምትለው አላት" አሉ ፈገግ ብለው። "ይህቺ የምትለው ተሰማህ?"

"አልተሰማኝም፣ እማማ።"

"'ግባ፣ ግባ፣ ግድ የለም፤ መሬቱ ጠንካራ ነው' ነው እኮ የምትለው!"

ቲቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ያን ዕለት እሱ ራሱ የተናገረውን ይህን ቃል ከሚክያስ በቀር የሰማ ሰው አልነበረም።

ወፏ ዞራ በራሳቸው ላይ አለፈች። የእማማ አባይነሽ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ድምጿ ግን..." አሉ፣ ፊቱን ትክ ብለው እያዩ። "ድምጿ ያንተን ይመስላል፣ ልጄ።"

ቲቶ "ኧረ እማማ!" ሊል አፉን ከፈተ። ድምፁ የመጣው ግን ከውኃው ላይ ነበር።