ሰማያዊው ማሳ

ሶዶ፣ መሬት ቢሮ ውስጥ፣ ባለሙያዋ የማሳ ካርታ የሚልከውን ኮምፒዩተር፣ ሰርቨሩን፣ የምትፈትሽበትን ትእዛዝ ለሰባተኛ ጊዜ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጻፈችና “ኢንተር” የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። እግሯ ከጠረጴዛው ስር አላርፍ ብሏል። ካርታው ዛሬም ካልወጣ፣ በቆሏቸው በድርቅ ያረረባቸው፣ አጠገቧ የተቀመጡት የሁምቦው አዛውንት የማሳቸውን ወሰን ሳያዩ ለሦስተኛ ጊዜ መመለሳቸው ነው።

“ደረሰ፣ ልጄ?”

“አሁን፣ አባባ።”

“ተሳክቷል” የሚል መስመር ብቅ አለ። ምስሉን ስትከፍተው ግን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነባት። ትእዛዙ ውስጥ የማሳውን መገኛ ስታስገባ ኬንትሮሱን በኬክሮሱ ቦታ ጽፋ፣ ማሳቸውን ሩቅ ባሕር ውስጥ ጥላዋለች። ደንግጣ ልትዘጋው ስትል አዛውንቱ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አሉ።

“ይሄ ሰማያዊው ውሃ ነው?”

“አዎ፣ አባባ። ማሳዎን ተሳስቼ ባሕር ውስጥ ጥዬው ነው፤ አሁን አስተካክለዋለሁ።”

አዛውንቱ ሻካራ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

“ቆይ እስቲ” አሏት፤ “ትንሽ ልየው።”