ሲሞቃት የምታኮርፈው

ባልየው ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ «ቀጭ» አለችና ዝም። ደግሞ አዞረ። ያው «ቀጭ»፣ ያው ዝምታ።

«አኩራፊዋ አኮረፈች!» ብሎ ጮኸ ከኋላ ወረፋ የያዘ ሾፌር። ጭነው የጨረሱት ወዛደሮች ሳይቀሩ ሳቁ። በዚህ የብሎኬት ማምረቻ ግቢ አሮጊቷን የጭነት መኪና በሌላ ስም የሚጠራት የለም። ጠዋት በቀዝቃዛው አንድ ጊዜ ሲነኳት እሺ ትላለች። አንድ ጉዞ ሄዳ ከጋለች በኋላ ያጠፏት እንደሆነ ግን፣ እስክትቀዘቅዝ ድረስ ቢለምኗትም ቢረግሟትም ወይ ፍንክች።

ሌላ ቦታ ቢሆን መላ ነበራቸው፤ ቀኑን ሙሉ አያጠፏትም። እዚህ ግን ጭሱ ሠራተኛውን ስላስቸገረ፣ ከመጫኛው ጣራ ሥር የገባ መኪና ሁሉ ሞተሩን እንዲያጠፋ ሰሞኑን ታዟል።

ተራ አስከባሪው እየተንጎራደደ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዛሬ ግን ፊቱን አጥቁሯል።

«ወንድሜ፣ ከትናንት ወዲያ መንገድ ዘጋችሁ፤ ቻልኩ። ትናንትም ዘጋችሁ፤ ቻልኩ። ዛሬም ተገፍታ ከወጣች ነገ እንዳትመጡ። እኔም ከበላዬ አለቃ አለብኝ።»

ሚስትየዋ ይህን የሰማችው ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰች ነው። የመኪናዋ ረዳት እሷ ናት። የእንጀራ ገመዳቸው ይቺው ግቢ ናት። ባትሪ ነው ሲሏቸው ባትሪ ቀየሩ። ሞተሪኖው፣ ያ ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ደክሟል ሲሏቸው አሠሩት። «ሽጣችሁ ተገላገሉ» ያሏቸውን ብቻ ነው ያልሰሙት።

«አንተ፣ ደግመህ ሞክር እስቲ!»

«ታዲያ ምን እያደረግኩ መሰለሽ!»

«ቀጭ» ሲል እሷ ከነዳጅ መርገጫው የሚመጣውን ቀጭን የብረት ገመድ ገለል ልታደርግ ያዘችው። ጣቷን ፈጃት። «እፍ!» ብላ ለቀቀችው። ቅድም በዚያው እጇ ነክታው ቀዝቃዛ ነበር። በረድ እስኪል ጠብቃ እንደገና «አዙር!» አለችው። አዞረ፤ ገመዱ ተመልሶ ጋለ። የሚግለው ቁልፉ ሲዞር ብቻ ነው።

ኤሌክትሪኩ በዚህ ክር በሚያህል ገመድ ምን ሊያደርግ መጣ? ሰው ዋናውን በር ትቶ በአጥር የሚሾልከው መቼ ነው? በሩ ሲዘጋበት ነዋ።

ጨርቅ እንኳ ሳታነጥፍ ከመኪናዋ ሥር ገባች። ሞተሩን ከመኪናዋ አጽም ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ፣ ጋራዦች ማሳ የሚሉት የኤሌክትሪኩ ዋና በር፣ በብሎን ጥርቅም ብሎ ታስሯል። ሽቦው ደህና ነው፤ ብሎኑም ደህና ነው። የታሰረበት ብረት ግን አረንጓዴ ነው፤ ያብረቀርቃል።

ሳቅም እንባም አብረው መጡባት። አምና ሞተሩ ለእድሳት ወርዶ ሳለ፣ ባሏ ሻሲውን ዝገት እንዳይበላው ብሎ በገዛ እጁ ደራርቦ ቀለም ቀባው፤ ማንም የማያየውን ጥጋጥግ ሁሉ ሳይቀር። እሷ ቆርቆሮውን ይዛ «ልትድራት ነው እንዴ?» እያለች ስትስቅበት ነበር። ሽቦውን መልሶ ያሰረው በዚያ ቀለም ላይ ነው። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በብሎኑ ጥርስ በኩል እንደምንም የምታልፈው ጥቂቷ ለጠዋት ትበቃለች፤ ሞተሩ ሲግል ግን ብዙ ይፈልጋል። ኩርፊያው የጀመረውም ያኔ ነበር፤ ግን ቀለምን ማን ይጠረጥራል?

ባሏ ወርዶ ጎንበስ ብሎ አያት። «ምን አገኘሽ?»

በሰው ፊት አልነገረችውም። እጁን ጎትታ አጠገቧ አስተኛችውና በጣቷ አሳየችው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየች።

«እኔ ነኛ!» አለ ቀስ ብሎ። «ዓመት ሙሉ እሷን ስረግም።»

«ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ» አለችው በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «ይልቅ ፍታ!»

ብሎኑን ፈታ። እሷ የብሎኬት ስባሪ አቀበለችው። ያን የሚኮራበትን ቀለም እየፋቀ አነሳው፤ አረንጓዴው ፊታቸው ላይ እየረገፈ፣ ነጭ ብረት እስኪታይ። ከጎማው አጠገብ የተራ አስከባሪው ጫማ ወዲያ ወዲህ ይላል። «ልናስገፋት ነው ወይስ ልትተኙ ነው?» ሲል እነሱ ሽቦውን ወደ ቦታው ይመልሱ ነበር።

አጥብቀው አሰሩት። ባልየው ጋቢና ገብቶ ቁልፉን ያዘ። እሷም ኮፈኑን ከድና ከበሩ አጠገብ ቆመች። አዞረ።

ተነሳች። «ቀጭ» የለ፣ ልመና የለ፤ ግቢውን አናጋችው። ወዛደሮቹ በፉጨት አቀለጡት።

«ጎሽ! በሉ ውጡ፣ ውጡ!» አለ ተራ አስከባሪው ፊቱ ፈክቶ። «ነገ በጠዋት ድረሱ!»

ባልየው ግን አልወጣም። ሚስቱን በመስኮት አያት። ከዚያ እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋው።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ!» ተራ አስከባሪው ራሱን ያዘ። «ምን ነክቶት ነው?»

ሚስትየዋ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች። ይቺን መኪና እንደጋለች ለማስነሳት ግን ባሏ ለማንም ቁልፍ ሰጥቶ አያውቅም፤ አባብሎ የሚችላት እሱ ብቻ ነው ይል ነበር። አሁን በሩን ክፍት ትቶላት ወደ ረዳቱ ወንበር ተንሸራተተ።

እጇን በቱታዋ ጠርጋ ወጣች። ቁልፉን ገና ነካ ስታደርገው ሞተሩ ተነሳ። ባሏ ደግሞ ወገቡ ድረስ በመስኮት ወጥቶ፣ አረንጓዴ ብናኝ ፂሙ ላይ እንደተጣበቀ፣ የጋቢናውን በር በመዳፉ እየደበደበ «ዞር በሉ! መንገድ! ሾፌሯ ልትወጣ ነው!» እያለ ይጮህ ጀመር።