መብራት ማብራት ክልክል ነው

ባልየው የመጣው ለኮከብ ብሎ አይደለም። ሌባ ፈርቶ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በትርፍ ጊዜያቸው ሰማይ ከሚያዩ ሰዎች ጋር ከገጠመች ወዲህ ልቧ ከደመና በላይ ሆኗል። የዛሬው ጉዳይ ጅራታም ኮከብ ነው፤ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብቅ ትላለች ተብሏል። ባሏ ጅራት ለማየት ከሆነ ሰፈር ውስጥ ስንት ውሻ አለ ብሎ አሾፈባት። በኋላ ግን የት እንደሚሄዱ ሲሰማ ሳቁ ጠፋ። እዚያው ኮረብታ ላይ በቀደም ሌሎች ሰዎች ካሜራቸውን ተነጥቀዋል፤ አንዱ ራሱን ተፈንክቶ ሆስፒታል ገብቷል።

«ቴሌስኮፑን ይውሰዱት፣ የራሳቸው ጉዳይ» አላት። «አንቺ ግን ብቻሽን አትሄጂም።»

ሰውየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሌሊት ስለሚነዳ ጓደኞቹ «ድመቱ» ይሉታል። እንዲያግዘው ብሎ ጎሚስታ ጓደኛውን ቀጥሮት ነበር። ትናንት ቀትር ላይ ጋራዥ ውስጥ አንድ ምልክት የሌለው ጠርሙስ አረቄ ለሁለት ሲጨርሱ፣ ጎሚስታው ሌባ ቢመጣ በጥርሱ እንደሚቀበለው ፎክሯል። ሊወጡ ሲሉ ቢደወልለት ግን አያነሳም። ድመቱ የወሬ ጀግና ብሎ ሰደበውና መኪናውን አስነሳ።

ዳገቱን ሲወጡ ጭጋግ ነገር አስቸገረው፤ መስታወቱን ደጋግሞ ወለወለ። ራሱንም ይወቅረዋል። ለሚስቱ አልነገራትም። ስለ መጠጥ ከጀመረች እስከ ኮረብታው ጫፍ አታቆምም።

ጫፉ ላይ ትልቅ የውሃ ታንከር አለ። ሰማይ ተመልካቾቹ ከታንከሩ ወዲያ ተሰብስበዋል። አለቃቸው ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ለአዲሱ እንግዳ ሕጉን ነገሩት፦ መብራት የለም። የእጅ ባትሪ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ስልክ የለም። ዓይን ጨለማ የሚለምደው በስንት መከራ ነው፤ አንድ ክብሪት የሁሉንም ድካም ገደል ይከተዋል። ሲያበቃ እኔ ራሴ እጠራሃለሁ አሉት።

ድመቱ ጎማ መፍቻውን ይዞ ከታንከሩ ወዲህ፣ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በዚህ የሚያልፍ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ማለፍ አለበት። ራሱን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ሳያሸልበው አልቀረም።

ሲነቃ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ቀና አለ። ኮከቦቹም የሉም። ደመና ውጧቸዋል፣ ድካማችን ሁሉ ለከንቱ ሆነ ብሎ አሰበ። አንድ ጉንጩን ይሞቀዋል፤ ይቺ ትኩሳት ናት አለ በልቡ። ቁጥቋጦው ውስጥ ወፎች ይንጫጫሉ። ወፍ እንዲሁ አይረበሽም። ሰው አለ ማለት ነው።

ከታንከሩ ወዲያ ብረት ከብረት ተጋጨ። የቴሌስኮፑ እግር ነው። እየታጠፈ ነው። በዚህ ጨለማ፣ ያለ አንዲት መብራት፣ ማን ነው የሚያጥፈው? ሽማግሌው እጠራሃለሁ ብለውት ነበር፤ አልጠሩትም። የሚስቱም ድምፅ አይሰማም። ቅድም እኮ ሳቋ ነበር ታንከሩን አልፎ የሚመጣው።

ሕግ ቀረ፤ ስልኩን አወጣና ቁልፉን ተጫነ። አልበራም። ደግሞ ተጫነ። ባትሪ ስንት ጊዜ እያለለት ዛሬ ይሞታል ብሎ ረገመው። ሊጣራ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ከጮኸ ያለበትን ያውቃሉ።

ያኔ ኮቴ ሰማ።

አንድ ሰው ነው። ጠጠሩን እየረገጠ፣ ሳይቸኩል፣ ቀጥታ ወደ እሱ ይመጣል። አይደናቀፍም። አይዳብስም። እንዲህ የሚራመደው ቦታውን ሲሠራበት የኖረ ብቻ ነው። የተፈነከተው ሰውዬ ትዝ አለው። ሚስቱን አንድ ነገር አድርገዋት ቢሆንስ?

ብድግ አለ። ወደ ኮቴው ዞረ፤ ሙቀቱ ፊቱን ሞላው። ጎማ መፍቻውን ከራሱ በላይ አነሳ፤ ዓይኑን በልጥጦ አፈጠጠ። ጥላ እንኳ የለም። ኮቴው ቀረበ። ትንፋሽ ሰማ።

«ሚስቴን የት አደረስካት?» አለ። «አንድ እርምጃ ብትጨምር በዚህ ብረት ነው የምልህ።»

ኮቴው ቆመ።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አለች ሚስቱ ከፊት ለፊቱ። «አስቀምጠው እሱን። ደግሞ ፀሐይዋን እንደዚህ አፍጥጠህ አትያት፣ ዓይንህን ትጎዳዋለህ።»