እመት ሳሙና

የፊት ዱቄት ፋብሪካው ሠራተኞች የቀለም ለኪዋን በሌለችበት «እመት ሳሙና» ይሏታል። በር የምትከፍተው በክርኗ ነው። ሰው የጨበጠች እንደሆነ ሮጣ ትታጠባለች፤ ሌላ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ ያቅለሸልሻታል።

ጠዋት ጠዋት ክፍሏን ትዘጋና ከናሙናው ዱቄት በጣቷ እየጠቀሰች ጉንጯን ትቀባባለች፤ ከዚህ ፋብሪካ ሌላ ምን ጥቅም አለና! ከዚያ መለኪያ መሣሪያውን ታስነሳለች። መሣሪያው እንደ ሕፃን ነው፤ በየቀኑ መጀመሪያ ትንሿን ነጭ ሸክላ አሳይተው «ነጭ ማለት ይቺ ናት» ካላሉት ሌላውን ቀለም አያውቅም። ሸክላዋን ከሳጥኗ አውጥታ ታሳየዋለች፣ መልሳ ትከድናታለች። ሌላ ሰው የነካት እንደሆነ ወየውለት!

ሰሞኑን ቀይ ዳማ የሚባለው ዱቄት አልስማማ አለ። መሣሪያው ድሮ ለክቶ ከያዘው ቀለም ጋር ሲያስተያየው፣ አዲሱ ነጥቷል ይላል።

ደባላቂው የእህቷ ባል ነው። ያስቀጠረችውም እሷው ናት፤ ምን ነክቷት እንደሆነ እንጃ። እጅጌው የንፍጥ መጥረጊያ ነው። ሲበላ ጣቱን ይልሳል፣ በዚያው ጣት ጆሮውን ይጎረጉራል። ኤጭ!

«ማደባለቂያውን አላጠብከውም» አለችው አፍንጫዋን ይዛ። «የትናንቱ ነጭ ዱቄት ሥሩ ተጋግሮ ነው ያነጣብን።»

«እትዬ፣ እናቴ ትሙት አጥቤዋለሁ! እስቲ ከድሮው ጋር አስጠግተሽ እይው። ለዓይን አንድ ነው።»

«በዚያ በተጨናበሰ ዓይንህ? ዞር በልልኝ፣ መሣሪያ አይዋሽም።»

ደግሞ ደባለቀ፤ ደግሞ ነጣ። በርሜል ሙሉ ዱቄት ተደፋ።

እህቷ ደወለችላት። አራስ ናት።

«እሱን ካባረሩት ይሄን ጨቅላ ይዤ የት እገባለሁ? በሞቴ እህቴ፣ ዝም በይለት» ብላ አለቀሰች። ለኪዋ ሆዷ ባባ። ዝም ልትልም ቆርጣ ነበር።

በማግሥቱ ግን ደባላቂው ከማደባለቂያው አጠገብ አክታውን ጎትቶ ሲተፋ አየችው። በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«ወይ እሱ ወይ እኔ» አለች። «ሰው ፊቱን የሚቀባው ነገር እኮ ነው! ይሄ ቆሻሻ እያለ ቀለም አይስተካከልም።»

ደባላቂው ዕለቱኑ ተባረረ። ሊሰናበታት እጁን ሲዘረጋ እጆቿን ኪሷ ከተተች።

አዲሱ ደባላቂ እስከ ክርኑ የሚታጠብ ጽዱ ሰው ነበር። የሱም ዱቄት ነጣ።

«የዚያ ሰውዬ እድፍ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ነው» አለች እየተንገፈገፈች። «እንዲህ በዋዛ የሚለቅ መሰላችሁ?»

ሥራ አስኪያጁ ግን መሣሪያውንም ይየው ብሎ ጠጋኝ አስጠራ። ጠጋኙ ሳጥኗን ከፈተና ነጯን ሸክላ በንጹሕ ጨርቅ ወለወላት። ጨርቁ ቀላ።

«ይቺን የሚነካት ማን ነው?»

«እኔ ብቻ» አለች፣ ቀና ብላ። «ሌላ ሰው አላስነካም።»

ጠጋኙ ጨርቁን ወደ ጉንጯ አስጠግቶ አየው፤ ለዓይን አንድ ነው።