በእንግሊዝኛ ንገሪኝ

በቲቸር ጋሹ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ልጅ አምስት አለንጋ ይቀምሳል። ማክሰኞ ዕለት ይርገዱ ቀምሳ መዳፏ ተተርትሯል፤ ጓደኛዋ ስንዱ ደግሞ «ውሃ ልጠጣ» በማለቷ ብቻ ጀርባዋ ሰንበር እስኪያወጣ ተገርፋለች።

የዛሬው መወያያ «ትናንት ገበያ ምን ገዛህ?» የሚል ነው። ቲቸር የመማሪያ ዳሱን ምሰሶ ተደግፎ ያንዱን ልጅ ጆሮ እየጠመዘዘ ሲያስለፈልፈው፣ ይርገዱ በምሰሶው ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ጥቁር እባብ አየች። ብድግ አለች።

«ቲቸር! ከኋላዎ...»

ተንደርድሮ መጥቶ አለንጋውን ፊቷ ላይ አሳረፈው። ከዚያ ተመልሶ ምሰሶውን ተደገፈ።

«ከኋላዬ ምን? በእንግሊዝኛ ንገሪኝ!»

ከንፈሯ ይደማል። እባቡን አሁን ሁሉም ልጆች አይተውታል። አንድም ትንፍሽ ያለ የለም።

«አይ ዶንት ኖው፣ ቲቸር» አለች።

እባቡ አንገቱ ላይ ሲነድፈው ቲቸር «ኧረ ድረሱልኝ!» ብሎ የጮኸው በአማርኛ ነበር።

ይርገዱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የተዘረጋውን ደብተር የሞላው፣ ትናንት በቅጣት መቶ ጊዜ የጻፈችው የእባብ የእንግሊዝኛ ስም ነው።